ሰዓታችሁ 178 ሲላችሁ፦ ስትሮጡ የልብ ምታችሁን እንዴት እንደምታነቡት

ባለፈው ጥቅምት ነው፣ ጃን ሜዳ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ያ ጆሮ የሚቆርጠው የጥቅምት ብርድ። አዲስ ስማርት ዋች ተልኮልኝ ስለነበር ልሞክራት ብዬ ወጣሁ፣ ሶምሶማ ነው የምሮጠው እንጂ ሌላ አይደለም፣ ላብ እንኳን አልጀመረኝም፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ሰዓቷን አየት ሳደርጋት 178። ትንሽ ቆይቼ አየሁ፣ 179። ትንፋሼ ደህና ነው፣ እያፏጨሁ መሮጥ እችላለሁ፣ ግን ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ደረቴን ያዝ ያዝ አደረገኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? ቆምኩ።

ሁሌ እዛ የሚመጡ አንድ ጋሼ አሉ፣ በወጣትነታቸው ለሰራዊት ክለብ ይሮጡ የነበሩ፣ አሁንም ፍጥነታቸው የሚገርም። «ምን ሆንክ ልጄ፣ አመመህ?» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ ልቤ 178 እየመታ ነው» ስላቸው «ማን ነው ያለህ?» ብለው አንጓዬን ያዙና የራሳቸውን የድሮ ሰዓት እያዩ 15 ሰከንድ ቆጠሩ። «33። በ4 አባዛው እስቲ።» 132። «አሁን ያቺን ሰዓትህን እያት» አሉ፣ አየኋት፣ 130 ትላለች። «እንግዲህ ልብህ በሩብ ደቂቃ ከ178 ወደ 130 ከወረደ አንተ ሰው አይደለህም፣ ሂድ ሩጥ» ብለውኝ ጥለውኝ ሄዱ።

ሰዓቷ የቆጠረችው ልቤን ሳይሆን እግሬን ነበር። እኔ ደግሞ ይሄ የገባኝ ቆይቼ ነው፣ በመሀል ስንት ቀን በከንቱ ስጨነቅ ከረምኩ፣ ስለዚ እናንተ እንዳትጨነቁ የማውቀውን ልጻፍላችሁ። ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ እውነት ነው ወይ በሉ፣ ቀጥሎ ዛሬ ለምን እንዲህ ሆነ በሉ፣ ፍጥነት መቀነስ መጨመር ምናምን ከዛ በኋላ ነው።

ቁጥሩ እውነት ነው ወይ

የእጅ ሰዓት ከጀርባው አረንጓዴ መብራት አለው አይደል፣ መብራቱ ቆዳችሁ ውስጥ ይገባና ደም በመጣና በሄደ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰዓቱ የሚቆጥረው ያንን ነው። ችግሩ ስትሮጡ ክንዳችሁም ይወዛወዛል። ሰዓቱ ላልቶ ከሆነ፣ ወይ ደግሞ በብርድ የእጅ ደም ስር ተኮማትሮ ደሙ ካነሰ፣ ከደሙ ይልቅ ውዝዋዜው ይጎላና ሰዓቱ እሱን ይዞ ይቆጥራል። አብዛኛው ሰው ሲሮጥ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ አካባቢ ስለሚረግጥ የሚወጣው ቁጥር ልክ የልብ ምት ይመስላል፣ ለዛ ነው የሚሸውደው። 400 ቢል ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር።

ለማጣራት ቀላል ነው። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። እውነተኛ የልብ ምት ሲወርድ ቀስ እያለ፣ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው፣ የእርምጃ ቁጥር ከሆነ ግን እግራችሁ ቆመ ማለት ነውና ወዲያው ዱብ ይላል። ሌላው ደግሞ ቤት ስትገቡ አፑ ላይ የእርምጃውን ግራፍና የልብ ምቱን ግራፍ አስተያዩ፣ ሁለቱ መንትያ መስለው እየተከታተሉ ከሄዱ የዛን ቀኑን ቁጥር እርሱት። በጣታችሁ መቁጠርም አትናቁ፣ አመልካችና መሀል ጣታችሁን በአውራ ጣት በኩል አንጓ ላይ አሳርፉ፣ 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ፣ ግን እንደቆማችሁ ወዲያው መሆን አለበት፣ ውሃ ጠጥታችሁ ወሬ አውርታችሁ ከሆነ ልቡ ወርዷል።

ሰዓቱን ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት፣ ምልክት ቢተው ችግር የለውም፣ ሩጫው ሲያልቅ ታላሉታላችሁ። ንቅሳት ላይ አታድርጉት፣ ቀለሙ ብርሃኑን ይውጠዋል። ጠዋት ብርድ ከሆነ ደግሞ እጅጌ ያለው ልበሱ፣ በቂ ነው፣ ሰውነታችሁ እስኪሞቅ ያለውን የመጀመሪያ አስር ደቂቃ ቁጥር እኔ በግሌ አላየውም።

በቁም ነገር በሀርት ሬት (በልብ ምት) ልሰልጥን ያለ ሰው ግን የደረት ቀበቶ ቢገዛ ይሻለዋል። እሱ ብርሃን ምናምን የለውም፣ ልብ በመታ ቁጥር የምታወጣትን ኤሌክትሪክ ነው ከቆዳ ላይ የሚያነበው፣ ሆስፒታል ደረት ላይ ከሚለጥፉት ጋር በሀሳብ አንድ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፣ የፊንላንዱ ፖላር ገመድ አልባውን ለሯጮች ያወጣው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 ነው። እኔ አንድ ዘመዴ ከዱባይ ሲመጣ ነው ያስመጣሁት። እሱም የራሱ አመል አለው፣ ደረቅ ሆኖ ካሰራችሁት ላብ እስኪያርሰው ድረስ አንዴ 90 አንዴ 215 ይላል፣ ስለዚ ከመውጣታችሁ በፊት ቆዳ የሚነካውን ጎማ በውሃ አርጥቡት፣ ውሃ ከሌለ ምራቅ (አዎ ምራቅ፣ ባለቤቴ ስታየኝ ሙድ ትይዛለች)። ሲንተቲክ ቲሸርት በደረቅና ነፋሻማ ቀን ሲወዛወዝም እንዲሁ ያዘባርቃል። ከሩጫ በኋላ እጠቡት፣ የላቡ ጨው ነው የሚገድለው። በድንገት መጥፋትና መምጣት ካበዛ ባትሪው ነው፣ ብዙዎቹ ያቺን ክብ 2032 የምትባለዋን ነው የሚጠቀሙት።

የላይኛው ጣራ ስንት ነው

ሰዓታችሁ «ዞን 5 ገብተሃል» (የመጨረሻው ከባድ ደረጃ ማለት ነው) ብሎ ቀይ ሲያበራ፣ ብዙውን ጊዜ እድሜያችሁን ከ220 ቀንሶ ጣራችሁን፣ ማለትም ልባችሁ ሊደርስ የሚችለውን ትልቁን ምት፣ ስለሚገምት ነው። ይሄ ቀመር የብዙ ሰው አማካይ ነው እንጂ የእናንተ ልብ አይደለም፣ ሰው በሰው ከ10 እስከ 12 ምት ወደላይም ወደታችም መለያየቱ የተለመደ ነው፣ ከዛም የሚያልፍ አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ቀመር አለ፣ እድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 መቀነስ። ሁለቱ 40 ዓመት ላይ እኩል 180 ይላሉ፣ 60 ዓመት ላይ ግን የድሮው 160 ሲል አዲሱ 166 ይላል፣ ስለዚ በተለይ ጠና ያላችሁ በድሮው ብቻ ከሄዳችሁ ራሳችሁን ያለአግባብ ታዘገያላችሁ። ቢሆንም እሱም አማካይ ነው።

እኔ 38 ነኝ። በ220ው ቀመር ጣራዬ 182 ነው። በደረት ቀበቶ ዳገት ላይ ያየሁት ግን 193። አስራ አንድ ምት ልዩነት! ሰዓቷ ለካ ደህና እየሮጥኩ በቀይ ስታስፈራራኝ የነበረችው በሌላ ሰው ልብ ነው።

የራሳችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ፦ በደንብ አርፋችሁ፣ 15 ወይ 20 ደቂቃ አሟሙቃችሁ፣ መካከለኛ ዳገት ፈልጉና ሁለት ሁለት ተኩል ደቂቃ ጠንክራችሁ ውጡ፣ ዱብ ዱብ እያላችሁ ውረዱ፣ ሶስት ጊዜ ድገሙት፣ የመጨረሻውን ደግሞ ነብሳችሁ እስክትወጣ። ከታየው ሁሉ ትልቁ ቁጥር ጣራችሁ ነው ወይ በጣም ቅርቡ ነው። ግን ግን፣ ግፊት ወይ ስኳር ያለባችሁ፣ በቤተሰብ የልብ ህመም ያለባችሁ፣ ወይ ከ40 በላይ ሆናችሁ ከስንት ጊዜ በኋላ ስፖርት የጀመራችሁ ይሄን ፈተና ሀኪም ሳታዩ አትሞክሩት፣ ምንም አያስቸኩልም። ያልፈለገ ሰውም ጣራውን ሳያውቅ መሮጥ ይችላል፣ እንዴት የሚለውን ከታች አለ።

ቀላል ሩጫ ማለት ስንት ማለት ነው

ብዙዎቻችን የምንበላሸው እዚህ ነው። ቀላሉን ቀን በጣም ጠንክረን እንሮጠዋለን፣ ከባዱ ቀን ሲመጣ ደግሞ ድካም ይዞን እንለግማለን፣ ሁሉም ቀን አንድ አይነት ለብ ያለ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ባህር ዛፉ ውስጥ አትሌቶቹን አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ በአንድ መስመር ከኋላው ዛፉን እየተጠማዘዙ፣ ወጣ ገባ እያሉ ይከተሉታል፣ ፍጥነቱ እኮ አንዳንዴ እኔ እንኳን ልከተላቸው የምችል ይመስላል (አንድ ቀን ሞክሬ ለትንሽ ደቂቃ ተከትያለሁ፣ ከዛ ዳገት መጣ፣ በቃ ተለያየን)። በማግስቱ አስፋልት ላይ ሲወጡ ደግሞ የሚያቆማቸው የለም። ቀላሉን ቀላል ስላደረጉት ነው።

በቁጥር ለማስላት የምወደው መንገድ የማረፊያ ምትንም የሚያስገባው ነው። ጠዋት አልጋ ላይ ያለው ምቴ 54፣ ጣራዬ 193። ልዩነቱ 139። የዚህ 60 ፐርሰንት 83 ነው፣ 54ቱን ስጨምርበት 137። 70 ፐርሰንቱ 97፣ ሲደመር 151። ስለዚ ቀላል ሩጫዬ ከ137 እስከ 151 ነው። ያው በየራሳችሁ ቁጥር አስሉት።

ጣራ መፈለግ ያልፈለጋችሁ ደግሞ የ30 ደቂቃውን ሞክሩ፦ ካሟሟቃችሁ በኋላ ብቻችሁን፣ ሜዳ ላይ፣ 30 ደቂቃ ሙሉ ልትጨርሱበት የምትችሉትን ያህል ጠንክራችሁ ሩጡ፣ የመጨረሻዎቹን 20 ደቂቃዎች አማካይ ምት ያዙ። እሱ ቁጥር በግምት የምትቃጠሉበት ደፍ ነው፣ ከሱ በላይ ብዙ መቆየት አትችሉም። የኔ 172 ወጣ። ቀላል ሩጫ የዚህ ቁጥር ከ85 እስከ 89 ፐርሰንት ነው ይባላል፤ የኔ 85 ፐርሰንት 146፣ 89ኙ ደግሞ 153፣ ከላይ ካሰላሁት የላይኛው ጫፍ ጋር ተቀራረበ፣ ያኔ ነው ያመንኩት። ቀላል ፈተና ነው ብላችሁ ግን በየሳምንቱ አትሩጡት፣ ሁለት ወር ውስጥ አንዴ ይበቃል።

ሰዓትም ቀበቶም የሌለው ሰው? አባታችን ሆይን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምጹን አውጥቶ ይበል፣ ሙስሊም ከሆነ ፋቲሃን። ቃል መሀል ላይ ሳይቆራረጥ፣ ሀረግ ሲያልቅ ብቻ እየተነፈሰ ከጨረሰ ቀላል ላይ ነው። በየሁለት ቃሉ አየር ከሳበ አይደለም። እኔ አሁንም ቁጥሩን ከትንፋሼ ጋር እንዲህ አስተያየዋለሁ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ትንፋሼን ነው የማምነው።

እና አዎ፣ መጀመሪያ ላይ በዚህ ቁጥር መሮጥ ያሳፍራል። እኔ በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ከምናምን ነበር የምሄደው፣ ዳገት ሲመጣ በእግር መሄድ ሁሉ ነበረብኝ፣ እናቶች በፈጣን እርምጃ አልፈውኛል። ሂዱ እለፉ ነው።

ያው ፍጥነት፣ ያው መንገድ፣ ቁጥሩ ግን ሌላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ጥያቄ የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው፦ «ማክሰኞ በዚሁ ፔስ (አንድ ኪሎ ሜትር በሚፈጀው ደቂቃ) 143 ነበርኩ፣ ዛሬ 155፣ ምን ሆንኩ?»

አንደኛ፣ ስንተኛ ደቂቃ ላይ ነው ያየኸው። ረጅም ሩጫ ላይ ፔሱን ሳትነኩት ምቱ ራሱ ቀስ እያለ ይወጣል። ላብ ሲወጣ የደሙ ፈሳሽ ያንሳል፣ ሰውነት ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ይልካል፣ ስለዚ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው መጠን ይቀንስና በቁጥር ታካክሰዋለች። ሰንዳፋ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ስሮጥ የመጀመሪያው ግማሽ አማካዬ 142፣ ሁለተኛው 148 ነበር፣ ፔሱ ያው። 6ቱን ለ142 ስታካፍሉት 4 ፐርሰንት ትንሽ አለፍ ያለ ነው። እስከ 5 ፐርሰንት ከሆነ ደህና ነው ይባላል፣ 10 ምናምን ከሆነ ወይ መጀመሪያውኑ ፈጥናችኋል፣ ወይ ውሃ አልጠጣችሁም፣ ወይ ለዛ ርቀት ገና ናችሁ። ይሄን ያላወቀ ሰው መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ስለወጣ ብቻ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ደግሞ ዞኔ ውስጥ ልቆይ ብሎ በመጨረሻ ኤሊ ይሆናል። ሁለት ሶስት ምት ቢያልፍ ምንም አይደል፣ ትንፋሹ ከተረጋጋ ቀጥሉ።

ሁለተኛ፣ የት ናችሁ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፣ እንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ያልፋል። ለኛ ለለመድነው ነገሩ እንጦጦ ላይ ትንሽ ይሰማናል፣ ከዋሽንግተንም ከዱባይም ለህዳሩ ታላቁ ሩጫ ለምትመጡት ግን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ በለመዳችሁት ፔስ ምታችሁ ከ10 በላይ ከፍ ቢል አይግረማችሁ፣ ልባችሁ ያነሰውን ኦክስጅን ቶሎ ቶሎ በማመላለስ ነው የምታሟላው። እዛ የሰራችሁበትን ፔስ እርሱት፣ በምትና በትንፋሽ ሩጡ። ደግሞ መስቀል አደባባይ መነሻው ላይ ቆማችሁ ገና ሳትሮጡ 115 ብታዩ ጭፈራው ነው፣ ህዝቡ ነው፣ ሰው እንዴት ረጋ ይላል እዛ መሀል።

አዳማ ወይ ሀዋሳ ስንወርድ በተቃራኒው አየሩ ይመቻል ግን ሙቀቱ የሰጠንን መልሶ ይወስደዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሮጣችሁት እና ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የሮጣችሁት አንድ አይደለም፣ ማወዳደር ራሱ ጅልነት ነው።

ሶስተኛ፣ ትናንት ምን አደረጋችሁ። እንቅልፍ ማነስ፣ ሰርግ ላይ የተጠጣ ጠጅና ቢራ፣ ሁለት ሲኒ ቡና ጠጥቶ መውጣት፣ የቢሮ ጭቅጭቅ፣ ሁሉም ቁጥሩ ላይ ይወጣል። ፆምም አለ። በአብይ ፆም ወይ በረመዳን ውሃ ሳይጠጣ የሚሮጥ ሰው ምቱ ከፍ ይላል፣ ፈሳሽ ነው የጎደለው እንጂ ጉልበቱ አልጠፋም። እኔ በፆም ወቅት ረጅሙን ሩጫ አሳጥረዋለሁ፣ የምችል ከሆነም ሩጫውን ወደ መፈሰኪያ ሰዓት አስጠጋዋለሁ፣ ጨርሼ ወዲያው ውሃ እንድጠጣ።

አጫጭር ፍጥነት ላይ ቁጥሩን ተዉት

400 ሜትር እየደጋገማችሁ ስትሰሩ ወይ አጭር ዳገት ስትወጡ ሀርት ሬት አይመራችሁም። ልብ ከእግር ወደኋላ ትቀራለች፣ ፍጥነት ጨምራችሁ ምቱ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። መጀመሪያዎቹ ላይ «150 ብቻ ነው፣ ልጨምር» ያለ ሰው አራተኛው ላይ ይተኛል። እዛ በሰዓት ደቂቃና በስሜት ሩጡ። የሚጠቅመው ነገር እረፍቱ ላይ ነው ያለው፣ አንዱን ጨርሳችሁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ወረደ? የኔ መጀመሪያዎቹ ላይ ከ30 በላይ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ወደ 20 ሲጠጋ ለዛሬ በቃኝ እላለሁ፣ አሰልጣኝ የለኝማ። የናንተ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ራሳችሁን ከራሳችሁ ጋር ነው።

የጠዋቷ ቁጥር

ከሁሉም በላይ የምትጠቅመኝ ስሮጥ የማያት ናት። ጠዋት ስነቃ፣ ስልክ ሳልነካ፣ ከአልጋ ሳልነሳ። የጤነኛ ሰው የማረፊያ ምት በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 ነው፣ ብዙ የሚሮጥ ሰው 50ዎቹ ውስጥ፣ ጠንካሮቹ 40ዎቹ ውስጥ ይገባሉ። ዋናው የናንተ የተለመደው ስንት ነው የሚለው ነው። የኔ 54 ናት። አንድ ሳምንት 55፣ 54፣ 56 ስትል ቆይታ ሀሙስ 62 አለች፣ ምንም አልተሰማኝም፣ ወጥቼ ጠንካራ ልምምድ ሰራሁ፣ አርብ ማታ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ቅዳሜ ትኩሳት፣ አስር ቀን ሳልሮጥ ቀረሁ። ከዛ በኋላ 7፣ 8 ምት ከፍ ካለች ያን ቀን ወይ አርፋለሁ ወይ ዱብ ዱብ ብቻ።

የግፊት መድሀኒት የምትወስዱ፣ በተለይ አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል የመሳሰሉትን፣ ከላይ የጻፍኩት ስሌት ሁሉ ለናንተ አይሰራም፣ መድሀኒቱ ራሱ ምቱን ወደታች ስለሚይዘው ጠንክራችሁም ቁጥሩ ዝቅ ይላል። በትንፋሽ ሂዱ፣ ለሀኪማችሁም እሮጣለሁ በሉት።

እና ቀልድ የሌለበት ነገር፦ ስትሮጡ ደረት ከጨመቃችሁ፣ ህመሙ ወደ ክንድ ወይ መንጋጋ ከሄደ፣ ራስ ካዞራችሁ ወይ ከወደቃችሁ፣ ሰዓቱ 120 ቢልም ቁሙና ሀኪም ጋር ሂዱ። ምቱ በድንገት 200 ገብቶ ቆማችሁም አልወርድ ካለ፣ በጣታችሁ ስትይዙትም በትክክል ፈጣን ከሆነ ወይ ዝብርቅርቁ ከወጣ፣ ያ የቀበቶ ችግር አይደለም። ግራፉን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡና ለሀኪሙ አሳዩት፣ ይጠቅመዋል።

አፑ የሚሰራውን ግራፍ ሁሉ እኔ አላይም፣ አንድ ደብተር አለኝ። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ፣ በዛው መንገድ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ቁርስ ሳልበላ፣ 5 ኪሎ ሜትር በ148 ምት አካባቢ እሮጥና ፔሱን እጽፋለሁ፣ አጠገቡ እንቅልፍ ስንት ሰዓት፣ ዝናብ ይሁን ጸሀይ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ 7:10 ይላል። ህዳር 7:05፣ ቀጥሎ 7:12 (እንቅልፍ 4 ሰዓት፣ ልጅ ታሟል ይላል)። ታህሳስ 6:55። ጥር ጥምቀት ሰሞን 6:50። የካቲት መጨረሻ 6:38፣ ምት 147።